ሁሉም «ራን» ሩጫ አይደለም

እስቲ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። «ራን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው? ከአራተኛ ክፍል ልጅ ጀምሮ እስከ ተመራቂ ተማሪ ድረስ ማንንም ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ «ሮጠ» ነዋ! ይህን ብንል ደግሞ አይፈረድብንም። አገራችን የሯጮች አገር ናት። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፏል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አምጥታለች። ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ታላቁ ሩጫ የአዲስ አበባን ጎዳና በሰው ጎርፍ ሲያጥለቀልቀው ኖሯል። እንዲህ ባለ አገር «ራን» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው እግርና አስፋልት ቢሆን ምን ይገርማል?

ይሁንና በእኔ አስተያየት እንግሊዝኛ ብዙዎቻችንን የሚጥለን በከባዱ ቃል ሳይሆን በቀላሉ ቃል ነው። ከባዱን ቃል ስናገኝ መዝገበ ቃላት እንገልጣለን። ቀላሉን ግን «እሱንማ አውቀዋለሁ» ብለን እናልፈዋለን። ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እስቲ «ራን»ን ራሱን እንመልከት። አንድ ሰው «ማይ ኖዝ ኢዝ ራኒንግ» ቢል ጉንፋን ይዞት አፍንጫው እየፈሰሰ ነው እንጂ አፍንጫው ሩጫ አልጀመረም። «ሺ ራንስ ኤ ሆቴል» ማለት ሴትዮዋ ሆቴል ታስተዳድራለች ማለት ነው። ወንዝ «ራን» ሲያደርግ ይፈሳል፤ መንገድ «ራን» ሲያደርግ ከዚህ እስከዚያ ይዘልቃል፤ ሞተር «ራን» ሲያደርግ ሳይጠፋ እየሠራ ነው። ሸሚዝ ሲታጠብ ቀለሙ «ራን» ካደረገ ቀለም ለቀቀ እንላለን። ለሁለት ዓመት «ራን» የሚያደርግ ውል ለሁለት ዓመት የሚጸና ውል ነው። አሜሪካኖች ደግሞ የሴቶች ስቶኪንግ ሲተረተር ያንኑም «ራን» ይሉታል።

ይህ ቃሉ ብቻውን ሲሆን ነው። ጓደኛ ሲያገኝማ ሌላ ሰው ይሆናል። «ራን አውት ኦፍ ሹገር» ሲሉ ስኳር አልቆባቸዋል። «ራን ኢንቱ» ያሉት ሰው ሳያስቡት መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ነው። «ራን ኦቨር» የተባለ ሰው መኪና ድጦታል። «ራን ኤራንድስ» ማለት መላላክ ነው። «ኢን ዘ ሎንግ ራን» የሚለውን እኛ ውሎ አድሮ በሚለው እንገልጸዋለን። «ሂት ኤንድ ራን» ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ ቋንቋ ነው፤ ገጭቶ ማምለጥ። ከሁሉ የሚያስቀኝ የምርጫው ነገር ነው። አሜሪካዊው እጩ ለሥልጣን ሲወዳደር «ራን» ያደርጋል፤ እንግሊዛዊው ግን «ስታንድ» ያደርጋል። አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይቆማል፤ የሚፈልጉት ግን ያንኑ ወንበር ነው!

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። ለዚህ ለአንድ ትንሽ ቃል እኛ ሮጠ፣ ፈሰሰ፣ ዘለቀ፣ አስተዳደረ፣ ሠራ፣ ለቀቀ፣ ጸና፣ ተተረተረ፣ አለቀ፣ ዳጠ፣ ተላላከ፣ ተወዳደረ እያልን ደርዘን ሙሉ ግሥ አወጣን። ገናም አልጨረስንም። የታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር ይህን ቃል ለማጥናት ከዘጠኝ ወር በላይ እንደፈጀበትና ግሡ ብቻውን 645 ትርጉም እንደተቆጠረለት በ2011 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። ከዚያ በፊት በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም ረጅሙን ቦታ ይዞ የነበረው «ሰት» የሚለው ግሥ ነበር። እሱም እንግዲህ ትንሽ ቃል ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ትርጉማቸው አልጨበጥ ብለው ያስቸገሩትን ግሦች ሲዘረዝር «ራን»፣ «ጌት»፣ «ፑት»፣ «ቴክ» እና መሰሎቻቸውን ነበር የጠቀሰው። ለቋንቋው ባለቤት ያስቸገረ ቃል ለእኛ በአንድ መስመር ያልቃል ብለን ማሰባችን አይገርምም?

ምናልባት «ፈረንጆቹ ቋንቋቸውን ራሳቸው አወሳሰቡት» የሚል ይኖር ይሆናል። የለም፣ እኛም ቤት ያው ነው። «በላ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ሰው እንጀራ ይበላል። ብረትን ዝገት ይበላዋል። አሮጌ መኪና ነዳጅ ይበላል። ስልክ ካርድ ይበላል። ሹም ጉቦ ይበላል። እጃችንን ሲበላን «ገንዘብ ላገኝ ነው» እንላለን። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አደራ የበላ ነው። አማርኛን ገና የሚማር እንግዳ «እገሌ አደራ በላ» ሲባል ቢሰማ አደራ የሚባል ወጥ ያለ ሊመስለው ይችላል። እኛ እንስቅበታለን። እኛ ግን በእንግሊዝኛ በየቀኑ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ነገሩ ሳቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው። ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የሒሳብ ባለሙያውም መጽሐፉን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ የጤና ተማሪ መጽሐፉ ላይ በሽታው «ራንስ ኢን ዘ ፋሚሊ» የሚል ቢያነብ ምን ይረዳል? በዘር የሚወረድ፣ በቤተሰብ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታይ በሽታ ነው ማለቱ ነው። ያልገባው ተማሪ ነገ በሽተኛ ፊት ሲቀመጥ «እናት አባትዎ ስኳር ነበረባቸው ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዴት ይወቅ? መጋዘን ውስጥ የተመደበ ሠራተኛ መድኃኒቱ «ኢዝ ራኒንግ ሎው» የሚል ማስታወሻ ቢደርሰውና ሊያልቅ መሆኑን ባይረዳ የሚጎዳው ማን ነው? መድኃኒት ፈልጎ ከሩቅ የመጣው ሰው ነው። ፈተናም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ትምህርቱን አሳምሮ የሚያውቅ ተማሪ ጥያቄው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ቃል ተሰናክሎ መልሱን ሲስት ማየት ያንገበግባል።

ታዲያ ችግሩ ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ከደብተራችን ነው። የቃላት ደብተራችን ሁለት ዓምድ አለው፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። አንድ ቃል ለአንድ ትርጉም፣ እንደ ሎሚ ገበያ አንዱን በአንዱ እንለውጣለን። በዚያ ላይ ፉክክራችን በረጃጅም ቃላት ነው። አራት አምስት ክፍለ ቃል ያለውን ቃል የሸመደደ ልጅ «እንግሊዝኛ ይችላል» ይባላል። ያንን ቃል ግን በዓመት አንዴ ቢያገኘው ነው። «ራን»ን፣ «ጌት»ን፣ «ቴክ»ን በየገጹ ያገኛቸዋል።

«ታዲያ 645 ትርጉም ሸምድዱ ልትለን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። በፍጹም! እንኳን እኛ እንግሊዞቹም አልሸመደዱትም። ብዙዎቹ ትርጉሞች አንድ ግንድ አላቸው፤ ሳይቋረጥ ወደፊት መሄድ። ወንዙም፣ ሞተሩም፣ ውሉም፣ መንገዱም የሚመሳሰሉት በዚህ ነው። ግንዱን የያዘ ሰው ቅርንጫፉን መገመት አያቅተውም። ግምት የማይሠራባቸውን ደግሞ ከነጓደኞቻቸው መያዝ ነው። ጄ. አር. ፈርዝ የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ በ1957 እ.ኤ.አ. ቃል የሚታወቀው አብረውት በሚውሉት ቃላት ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። የእኛም ሰው «ጓደኛህን ንገረኝ፣ ማንነትህን እነግርሃለሁ» ይላል። ለሰው የሠራ ለቃልም ይሠራል።

መሣሪያውም ቢሆን አለ። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የዓረፍተ ነገሩን አማርኛ ያሳያል። በ1987 እ.ኤ.አ. በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የወጣው ኮቢልድ ደግሞ ትርጉሙን ራሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስረዳል። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እኛ ተማሪዎች ደብተራችን ላይ ሦስተኛ ዓምድ እንጨምር። ቃሉ፣ ያገኘነው ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያም አማርኛው ያንን ሐሳብ እንዴት እንደሚለው። በሳምንት አምስት ትንንሽ ቃላት ከበቂ በላይ ነው። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን ፈተና ሲያወጡ «የዚህ ቃል ትርጉም ምንድን ነው?» ከሚሉን ይልቅ አንዱን ቃል በአራት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው ልዩነቱን ቢጠይቁን። ፈተናው እንደዚያ ከመጣ ጥናታችንም መለወጡ አይቀርም፤ እኛ እንደሆን የምናጠናው ፈተናውን ነው!

ሯጭነታችንን ማንም አይወስድብንም። ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ራን»ን ስናገኝ ግን አንሩጥ፤ ቆም ብለን ግራና ቀኙን እንይ።