ቅርሱ ሲመለስ የመርዙም መረጃ ይመለስ
በአውሮፓ ሙዚየሞች ካሉት የምሥራቅ አፍሪካ ፍላጻዎች የአንዳንዶቹ ጫፍ፣ በኢትዮጵያም በሚበቅለው በመረንዝ መርዝ የተቀባ ነው። መርዙ ኡዋባይን ይባላል፤ ስሙ የመጣው ከሶማልኛው «ዋባዮ» ነው። በጭረት ወደ ደም ከገባ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ አሥርተ ዓመታት ማለፋቸውም ለደኅንነት ዋስትና አይሆንም።

ጓንት፣ የጫፍ መሸፈኛና በሣጥኑ ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። መርዙን አጥቦ ማስወገድ ግን የቀማሚዎቹን ዕውቀት ማስረጃ ያጠፋል። መረጃው በመዝገብ ካልሰፈረ፣ አደጋውን የሚሸከመው ሣጥኑን የሚከፍተው ሠራተኛ ነው። ቅርሱ ወደ አገሩ ሲመለስም ይኸው አደጋ ድንበር ይሻገራል።

ስለዚህ ቅርስ የማስመለስ ስምምነቶች አንድ ግዴታ ሊጨምሩ ይገባል፦ ምርመራው በመላሹ ተቋም ወጪ ይከናወን፤ ውጤቱም ከቅርሱ ጋር ይላክ። አለዚያ ተቀባዩ ሙዚየም ከቅርሱ ጋር ያልተነገረው ዕዳ ይረከባል።