አዳሪነትና ትምህርት

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቂሊንጦ በተባለው ስፍራ፣ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ቦታው ከመሐል ከተማ የራቀ ስለሆነ፣ ከየአገሩ ማዕዘን የመጣው አዳሪ ተማሪ እንቅልፉም፣ ማዕዱም፣ ሕመሙም፣ ናፍቆቱም በግቢው ውስጥ ነው። ስለዚህ የማደሪያው ጉዳይ ከትምህርቱ ጉዳይ ተለይቶ ሊታይ አይገባም።

አዳሪነት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ በደብሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ፣ የለመነውን ከጓደኛው ጋር ተካፍሎ፣ ቀን ከመምህሩ የሰማውን ማታ ከታላላቆቹ ጋር እየቀጸለ ኖሯል። ጎጆው ድኻ ነበረ፤ ነገር ግን ሥርዐት ነበረው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ተማሪዎቹን ያሳድር ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዳሪነቱ ሲቀር ተማሪዎቹ ብርቱ ቅሬታ ማሰማታቸው፣ ማደሪያ ለተማሪ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

ዛሬ አንዳንድ ሰው የተማሪው መኝታና ምግብ የመንግሥት ምጽዋት ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዐት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል ተደንግጓል። ባለዕዳ የሆነበትን ነገር ደግሞ ደኅና ሆኖ ማግኘት መብቱ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ከአስተዳደሩ አይጠበቅም። በአንድ ክፍል ከሚያድሩት አንዱ እስከ እኩለ ሌሊት ያጠናል፤ ሌላው በጊዜ ተኝቶ ሲነጋጋ ይነሣል። መብራቱ ግን አንድ ነው። የተማርነው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ መሆኑ በጥናት የታወቀ ስለሆነ፣ የጓደኛውን እንቅልፍ የሚነሣ ሰው ትምህርቱንም ይነሣዋል። በፈተና ሰሞን እስከ ንጋት የሚደረገው ችከላም እንዲሁ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ዝምታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከወላጆቹ የተለየ ወጣት ምግብ ሲያስጠላው፣ ቀን ሙሉ ተሸፋፍኖ ሲውል፣ ከመምህሩም ከሐኪሙም ቀድሞ የሚያየው የአልጋ ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ በቋንቋና በትውልድ ተቧድኖ ከሆነ ግን ሊያየው አይችልም። በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ብጥብጥ ተነሥቶ ብዙዎች ማደሪያቸውን ጥለው ወደየቤታቸው የተመለሱበትን ጊዜ ማናችንም አንረሳውም።

እንግዲህ ተማሪዎች በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ መብራት፣ ስለ ጸጥታና ስለ ንጽሕና ተስማምተው የክፍላቸውን ደንብ ቢያወጡ መልካም ነው። ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም የዩኒቨርሲቲዎችን ዕቅድ ሲያዘጋጁ የአልጋውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ውሃውን፣ ሌሊት ክፍት የሚሆነውን የንባብ ክፍልና የምክር አገልግሎቱን ይጠይቁ። ፕሮክተር የሚባለው የማደሪያ ኀላፊም ቁልፍ ከመያዝ አልፎ መካሪ እንዲሆን ሊሠለጥን ይገባል። ነገ መንገዱንና ድልድዩን የሚሠሩልን እነዚሁ ወጣቶች ናቸውና።