የሰማዩ ሙግትና የእኛ ድርሻ

«የሰማዩን ነገር ለሳይንስ ፋኩልቲ እንተወው» የሚለው አነጋገር በእኛ በአርትስ ተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ቀልድ ቢመስልም የስንፍና መሸፈኛ መሆኑ አይካድም።

በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ህንድ የተወለዱት ፕሮፌሰር ፕሪያምቫዳ ናታራጃን ፊዚክስና ሒሳብ ከተማሩ በኋላ የሳይንስን ታሪክና ፍልስፍናም አጥንተዋል። የሚመረምሩት ጥያቄ ይህ ነው፤ ዓለም ገና በሕፃንነቷ ሳለች ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች እንዴት ሊገኙ ቻሉ? ጥቁር ጉድጓድ የስበቱ ኃይል ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ አካል ነው። ከሞተ ኮከብ ተወልዶ ቀስ በቀስ ያድጋል እንዳይባል፣ ያን ያህል ለመግዘፍ ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 ከጁሴፔ ሎዳቶ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ታላቅ የጋዝ ክምችት ወደ ተራ ኮከቦች ሳይከፋፈል ተደርምሶ የጥቁር ጉድጓድ ዘር ሊሆን እንደሚችል በስሌት አሳዩ።

ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ቻንድራና ጄምስ ዌብ የተባሉት የጠፈር ቴሌስኮፖች ዓለም 470 ሚሊዮን ዓመት ያህል በሆናት ጊዜ የነበረ ጥቁር ጉድጓድ አገኙ። ክብደቱ በዙሪያው ካሉት የጋላክሲው ከዋክብት ጠቅላላ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገመተ። ይህም ለሐሳቡ ብርቱ ድጋፍ ሆነ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

«ሊቅ ምርምሩን ትቶ ለምን ለተራ ሰው ይጽፋል?» የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። እኒህ ሴት በ2016 ባሳተሙት «ማፒንግ ዘ ሔቨንስ» በተባለው መጽሐፋቸው የሚተርኩት የሰማይን ድንቅ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ሐሳብ እንዴት እንደተነቀፈ፣ እንዴት እንደተፈተነና በመጨረሻ እንዴት ተቀባይነት እንዳገኘ ነው። ድንቁን ብቻ የሰማ ሕዝብ አጨብጭቦ ይሄዳል። ሙግቱን የሰማ ሕዝብ ግን «ማስረጃው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል። ይህን ያልለመደ ሰው ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረውን ሁሉ ያምናል።

ታዲያ ይህን ሙግት ገበሬውና ነጋዴው በሚሰማው አማርኛ ማን ይጻፈው? የሳይንስ ተማሪው ስሌቱን ያውቃል፤ እኛም ቋንቋውን ተምረናል እንላለን። ሁለታችን በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጥን የእርሱ ዕውቀት በደብተሩ፣ የእኛም አማርኛ በፈተና ወረቀት ላይ ይቀራል።