ምንንም የማይመስል እንጨት

ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው የባሕር ዛፍ አጠና ፍለጋ ወደ ኮልፌ አጠና ተራ ይሄዳል። እኔ ወደዚያ ሰፈር የምሄደው ለቁርጥራጭ ነው። አናጢዎች ለማገዶ የሚተዉትን ጉማጅ ገዝቼ ለፊዚክስ ተማሪዎቼ አከፋፍላለሁ፤ ምንንም የማይመስል ቅርጽ ሠርተው እንዲያመጡም አዛለሁ። ሰውን፣ እንስሳን ወይም ጎጆን የሚመስል ሥራ አልቀበልም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተግባር እንጂ የእኛ አይደለም» ብሎኛል። አልስማማም። ቅርጹ ሌላ ነገር ለመምሰል ካልተገደደ የሚቀረው ሚዛን፣ ምጥጥን፣ ድግግሞሽና ባዶ ቦታ ነው። ቀራጺው የዲዛይን መርሕ የሚላቸው እነዚህ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሚዛን የእኛም ርስት ነው። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ ወጣ ገባ መሬት ላይ የማይንገዳገደው፣ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ስለሚያርፉ ነው። ፈልፋዩ ይህንን ለማወቅ የእኛን ክፍል አልጠበቀም።

እ.ኤ.አ. በ1948 ኬኔት ስኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ተማሪ፣ ሁለት የኤክስ ቅርጽ ያላቸውን እንጨቶች በናይሎን ክር ወጥሮ የላይኛው የታችኛውን ሳይነካ በአየር ላይ እንዲቆም አደረገ። እንጨቱ ይጨመቃል፣ ክሩ ይወጠራል። መምህሩ በክሚንስተር ፉለር ለመርሑ «ቴንሴግሪቲ» የሚል ስም አወጣለት፤ ከዓመታት በኋላም የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ዶናልድ ኢንግበር ሕያው ሕዋስ ቅርጹን እንዴት እንደሚጠብቅ ለማስረዳት ተጠቀመበት። መንገዱ ከቅርጻ ቅርጽ ወደ ሳይንስ እንደነበር ልብ ይሏል።

ወደ ተማሪዎቼ ልመለስ። በፈተና ከሁሉም የላቀ ውጤት ያለው አንድ ልጅ፣ ሁለት የተለያየ ርዝመት ያላቸው ጠማማ ክንዶች ያሉትና በአንድ ክር የሚንጠለጠል ውብ ሥራ አመጣ። የስበት ማዕከሉን አስልቶ ክሩን በትክክለኛው ቦታ ስላሰረው ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ፤ ከቢሮዬ ጣሪያ ላይ ሰቀልነው። በሦስተኛው ሳምንት አጋድሎ ተገኘ። ልጁ «ሰው ነክቶብኛል» ብሎ አዘነ። ስሌቱን ደግመን አየነው፤ አንዳች ስሕተት የለበትም። ማንም አልነካውም። አንደኛው ክንድ ከቆየ ደረቅ እንጨት፣ ሌላው በቅርቡ ከተቆረጠ ባሕር ዛፍ የተሠራ ነበር፤ እርጥቡ ውኃውን እያጣ በቀለለ ቁጥር ወደ ላይ ይነሣል።

ይህ ልጅ ለዓመታት «ክብደቱ በእኩል የተሰራጨ ዘንግ» የሚል ጥያቄ ሲሠራ ኖሯል። እንዲህ ያለ ዘንግ በመጽሐፍ እንጂ በአጠና ተራ እንደማይሸጥ ግን ማንም አልነገረውም፤ እኔም ጭምር። ዲግሪ ይዞ ድልድይ ወይም ጣሪያ የሚያሠራ ሰው ይህንን ከምረቃ በኋላ ቢማረው ዋጋው ሌላ ነው። የቤተ ሙከራ ሪፖርት፣ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ከጓደኛ ይቀዳል። ያጋደለ እንጨት ከማን ይቀዳል?

ልጁ ቅርጹን ማቃናት ትቶ በየሳምንቱ ያጋደለበትን ማዕዘን እየለካ ግራፍ መሥራት ጀመረ፤ የእንጨቱን አደራረቅ የሚያሳይ መሣሪያ አገኘ ማለት ነው። እኔም አሁን አጠና ተራ ስወርድ እርጥቡንና ደረቁን ለይተው እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ደንበኛዬ የሆነው አናጢ «እርጥብ እንጨት መርጦ የሚገዛ ሰው ዘንድሮ አየሁ» እያለ ይመዝንልኛል።