ወፍ እንዳገሩ ይጩኽ

የኪነ ጥበብና የዕውነታ ዝምድና የሚፈተነው በታላላቅ ሸራዎችና በታላላቅ መድረኮች ላይ ብቻ አይደለም። በመስኮት ደፍ ላይ በተቀመጠች፣ መዳፍ በማትሞላ ካሜራም ይፈተናል። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች የእጅ ስልኩን በረንዳ ላይ ደግፎ፣ አለዚያም ለሌባ ጥበቃ የተሰቀለውን የበር ካሜራ ወደ ዛፉ አዙሮ በግቢው የሚያርፉትን ወፎች የሚቀርጽ ሰው ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ድርጊት ሁለት አቋሞች ይደመጣሉ። አንደኛው የሚንቀው ነው፤ ሁለተኛው የሚያጨበጭብለት። ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው። ሁለተኛው ግን የኪነ ጥበብን ካባ ደርቦ የሚመጣ በመሆኑ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

የናቂዎቹ ክርክር አጭር ነው። ወፍ ማየት የሥራ ፈት ጨዋታ፣ ሰፊ ግቢና ረጅም እረፍት ያለው የንዑስ ከበርቴ መዝናኛ ነው ይላሉ። ታሪኩን ያላነበበ ሰው ክርክር ነው። ወፍን በካሜራ የመቅረጽን ሥራ በብሪታንያ ካስጀመሩት መካከል ግንባር ቀደሞቹ ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ የዮርክሺር የገጠር ልጆች ናቸው። እነዚህ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ስለ ብሪታንያ ወፎች ጎጆ ያወጡት መጽሐፍ በሥዕል ምትክ ከሜዳ በተነሡ ፎቶግራፎች የተሞላ ነበር። በዚያን ዘመን ካሜራ የሚሸከሙት በጀርባ ነው፤ ምስሉ የሚቀረው በመስታወት ላይ ነው። ወፎቹ ሰውን ሸሽተው ቢያስቸግሯቸው በ1900 ውስጡ ባዶ የሆነ የበሬ ቅርጽ ከእውነተኛ ቆዳ አሠርተው፣ ካሜራውን ይዘው ከሆዱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። በሬው ሆድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሰዓታት ያሳለፈን ሰው ሥራ ፈት የሚለው፣ ሥራ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ መልስ ያጥረዋል።

ከጓሮና ከደጃፍ የሚገኘው ዕውቀትም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 በሳውዝሃምፕተን አቅራቢያ ስዌይትሊንግ በተባለች ሥፍራ፣ በየደጃፉ የሚቀመጠውን የወተት ጠርሙስ ክዳን ትናንሽ ወፎች በመንቁራቸው ከፍተው ክሬሙን ሲጠጡ ታየ። ጄምስ ፊሸርና ሮበርት ሃይንድ በ1949 ከአገሪቱ ዙሪያ የተሰበሰበውን ምስክርነት አጠናቅረው ሲያወጡ፣ ልማዱ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደ ተዛመተ ግልጽ ሆነ። ስለ እንስሳት መማማር የሚጽፉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይህንን ምሳሌ ይጠቅሳሉ። መነሻው ግን በማለዳ በሩን ከፍቶ ጠርሙሱን የተመለከተ ሰው ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1979 በሕፃናት የተጀመረው፣ በጥር ወር ለአንድ ሰዓት የግቢ ወፎችን የመቁጠር ልማድ ዛሬ መቶ ሺዎች የሚሳተፉበት ሆኗል። ድንቢጥ በዚህ ቆጠራ አሁንም አንደኛ ትወጣለች፤ ነገር ግን በየግቢው የሚታየው ቁጥሯ መጀመሪያ ከነበረው ከግማሽ በታች ወርዷል። ይህን ያወቀው ዓይኑን በመስኮት በኩል የጣለ ተራ ሕዝብ ነው።

«እኛ ግቢ የለንም» የሚለውም ማመካኛ አይሠራም። ቁራ የሚያርፈው የባለቤትነት ደብተር ጠይቆ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ አለ፤ የትምህርት ቤት አጥር አለ፤ ጥድ የከበበው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አለ። ለናቂዎቹ ይህ ይበቃል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ ከተባለ፣ ዋናው ጉዳይ የአጨብጫቢዎቹና የሚጨበጨብላቸው ቀራጮች አሠራር ነው። አሠራሩ በጣም የታወቀ ነው። ጠዋት የዳቦ ፍርፋሪ ወይም የእንጀራ ድርቆሽ በሰሌዳ ላይ ይበተናል። ወፏ ትመጣለች። ስትመጣ የሚታየው ክፍል ይቀራል፤ ተጠራጥራ አጥሩ ላይ የቆየችበት ሩብ ሰዓት ግን ይቆረጣል። ጎረቤቷን በመንቁሯ ወግታ ያባረረችበትም ይቆረጣል፤ «አያምርም» ተብሎ። የቀረው በዝግታ እንዲሄድ ይደረግና የገዛ ድምፁ ተሰርዞ ዋሽንት ይለበጥበታል። በመጨረሻም ከምስሉ ግርጌ «እናትና ልጅ» ወይም «ሁለቱ ፍቅረኞች» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ሁለቱ ፍቅረኞች በአንድ ፍርፋሪ የተጣሉ ሁለት ወንዶች ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚጠረጥር የለም። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ያለው ሕዝብ፣ የአገሩ ወፍ ጩኸቷን ተነጥቃ በሰው ሙዚቃ ስትንቀሳቀስ እያየ «እንዴት ደስ ይላል!» እንዲል ይደረጋል።

ዋሽንት ክቡር መሣሪያ ነው፤ ክርክሩ ከዋሽንት ጋር አይደለም። ክርክሩ የወፏ ድምፅ ለምን ተሰረዘ የሚለው ነው። ወፍ የምትጮኸው ለጌጥ አይደለም። በአንድ ድምፅ ድንበሯን ታስከብራለች፤ በሌላው ጭልፊት መምጣቱን ታስታውቃለች፤ በሌላው ጫጩቶቿን ትጠራለች። ድምፁን የሰረዘ ሰው ድርጊቱን ለማስተዋል የሚያስፈልገውን ግማሹን ምስክር አጥፍቷል። በቲያትር መድረክ ላይ የተዋናዩን ቃለ ተውኔት ዘግቶ ከበሮ ብቻ የሚያሰማ አዘጋጅ ቢኖር ሐያስያን ዝም አይሉትም ነበር።

ከሁሉ የሚያስተዛዝበው ግን የስም ጉዳይ ነው። በእሬት አበባ ላይ ረጅምና ቆልማማ መንቁሯን አስገብታ ማር የምትመጥ፣ ወንዱ በፀሐይ ሲታይ ሐምራዊ የሚያብረቀርቅ ወፍ በአዲስ አበባ ግቢዎች አለች። ቀራጩ በኩራት «ሃሚንግበርድ በቤታችን» ብሎ ይጽፋል። ሃሚንግበርድ የሚባሉት ወፎች ከአሜሪካ አህጉሮች በቀር በዱር በየትም አይገኙም። በእሬቱ ላይ ያለችው የሌላ ወገን ነች። የሳይንስ ስሟም እ.ኤ.አ. ከ1814 ጀምሮ የተመዘገበው በተከዜ ወንዝ ስም ነው። የውጭ አገር ሊቅ በኢትዮጵያ ወንዝ ስም የጠራትን ወፍ የኢትዮጵያ ተወላጅ በአሜሪካ ወፍ ስም ሲጠራት ማየት፣ የባዕድ ምስል የገዛ ዓይንን እስከምን ድረስ እንደሚጋርድ ያሳያል። ለዚህ ደግሞ የመረጃ እጦት ሊመካኝ አይችልም። የኤርባንና የብራውን የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በአዲስ አበባ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ከ1966 ጀምሮ አለ። ዕውቀቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ኪነ ጥበቡ በሌላ በኩል አለፈ።

ይህ ጥፋት ደግሞ ከመስኮት ካሜራ የጀመረ ሳይሆን ካሜራው ከሠዓሊውና ከገጣሚው የወረሰው ነው። ስለ ሰላም የተሠሩትን ፖስተሮች መመልከት ይበቃል፤ በሁሉም ላይ ያችው አንዲት ነጭ እርግብ አለች። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1949 ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ፖስተር የዋለችውን ነጭ ወፍ ሲሠራ ከፊቱ ሕያው ወፍ ነበረችው፤ ማቲስ የሰጠው እርግብ ነበረች። እርሱ በቤቱ ያለችውን ወፍ አየ። ተከታዮቹ ግን የእርሱን ወረቀት አዩ፤ ከዚያም የወረቀቱን ግልባጭ አዩ። በዚሁ መካከል፣ አመድማ ላባ ያላት፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ያሰረች፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም የማትገኝ እርግብ በገደሉ ብቻ ሳይሆን በየሕንፃው ክፈፍ ሥር ጎጆዋን ትሠራለች። ሠዓሊው በሥሯ አልፎ ወደ ሥዕል ቤቱ ይገባና ነጭ እርግብ ይሥላል።

የቁራም ዕጣ ከዚህ አይለይም። በግጥምና በተውኔት ቁራ ማለት ከኖኅ ዘመን ጀምሮ ሄዶ የቀረ መልእክተኛ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ አልተሰጠውም። በግቢ ያለው ቁራ ግን መልእክት የለበትም። ከባድና ጎባጣ መንቁሩ ጫፉ ነጣ ያለ፣ ማጅራቱ ላይ ትልቅ ነጭ እድፍ ያለበት ይህ ወፍ የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ሀብት ነው። እበት ሲያገኝ እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ እየሰነዘረ ይበትነውና ከውስጡ ትሉን ይለቅማል። ይህንን አሥር ደቂቃ ሳይቆርጥ የቀረጸ ተማሪ፣ «ቁራ የክፉ ምልክት» እያሉ ሲጽፉ ከኖሩት ይልቅ ለሥነ ጽሑፍ አዲስ ነገር አምጥቷል። እበት አያምርም የሚል ካለ፣ ለገበሬ የጻፈ ደራሲ እበትን ሊጸየፍ አይገባውም።

ስለ ማጥመጃው ምግብም ዝም ማለት አይቻልም። ወፎችን በአንድ ሰሌዳ ላይ ማሰባሰብ ደግነት ብቻ አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ትራይኮሞኖሲስ የተባለ በሽታ፣ በምራቅ በተበከለ ምግብና ውኃ እየተላለፈ፣ በግቢ መመገቢያዎች ዙሪያ የሚሰበሰቡትን አረንጓዴ ፊንች የተባሉ ወፎች በብዛት ፈጀ። በ2021 ወፏ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ቀይ መዝገብ ውስጥ ገባች። ሰሌዳውን ሳያጥብ ለካሜራው ብሎ በየቀኑ ፍርፋሪ የሚከምር ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባዋል። ጎጆ ላይ የሚደረገው ደግሞ የባሰ ነው። ቅጠሉ ለምስል እንዲመች ይገለጣል፤ ወላጆቹ ፈርተው ይርቃሉ፤ የተገለጠውን ጎጆ ቁራውም ጭልፊቱም ያያል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ባዶ ጎጆ ግን አይቀረጽም። የኪርተን ወንድማማቾች ወፏ እንዳትረበሽ ሰውን በበሬ ውስጥ ደበቁ፤ ዛሬ ሰውየው እንዲመቸው ወፏ ከመደበቂያዋ ትወጣለች።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚል፣ መልሱ ከመሣሪያው እጅ አይርቅም። በሙቀትና በእንቅስቃሴ የሚነሣው የበር ካሜራ ብዙ ጊዜ ወፏ ካረፈች በኋላ ስለሚነቃ የድርጊቱን መጀመሪያ ያጣል፤ ስለዚህ ማለዳ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ያለማቋረጥ እንዲቀርጽ ማድረግ ይሻላል። በዚያ ሰዓት፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ጅራተ ረጅሞቹ ግራጫ ወፎች ተሰብስበው ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠሉና ሆዳቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። ይህን ለማሳየት ፍርፋሪም ዋሽንትም አያስፈልግም። ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። ምግብ ተደርጎ ከሆነ ምግብ መደረጉ ይነገር። የወፏ ስም በአካባቢው ሽማግሌዎችና እረኞች ዘንድ ምን እንደሆነ ተጠይቆ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሚነገርበት ቋንቋ ሁሉ ይመዝገብ፤ ሊቃውንት በዝርዝራቸው ያልያዙት የስም ሀብት በእረኛ አንደበት አለና። መምህራን ይህን ያለ ላቦራቶሪና ያለ በጀት ሊያሠሩ ይችላሉ። የሥዕል መምህርም የሚያስገለብጠውን ፖስተር አንሥቶ የተማሪውን ፊልም በቦታው ሊያኖር ይችላል።

«ያልተቆረጠ ፊልም ተመልካችን ያሰለቻል» የሚለው የመጨረሻው መከላከያ ነው። ተመልካቹ ግን አልተጠየቀም። ኳስ ጨዋታን ዘጠና ደቂቃ፣ ብዙ ጊዜም ያለ አንድ ግብ፣ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሕዝብ ነው። አጥሩ ላይ ያለችው ወፍ ትወርዳለች ወይስ አትወርድም የሚለውን ለሩብ ሰዓት ሊጠብቅ አይችልም ብሎ የወሰነው ቀራጩ ነው፤ የወሰነውም ራሱ ሳይጠብቅ፣ ካሜራውን ትቶ ቁርሱን ሊበላ ከገባ በኋላ ነው።