አዳኝ የሚያውቀውን ሹም ይማር

አደን ዕውቀት ነው ቢባል የሚስቅ አይጠፋም። ለብዙዎቻችን አደን ማለት ጠመንጃ አንሥቶ መተኰስ ነውና። ነገር ግን በጅጅጋ ዙሪያና ከዚያ ወደ ሐውድ በሚዘልቀው ሜዳ ጥንት በውሻና በቀስት ያድኑ የነበሩትን ሰዎች ሥራ የመረመረ እንደ ሆነ፣ አደን አስቀድሞ የአውሬን ጠባይ ማወቅ መሆኑን ይረዳል።

እነዚህ አዳኞች፣ ማለት ጋቦዬ የሚባሉት ወገኖች፣ የሚያድኑትን ለይተው ያውቁ ነበር። ሳላ ውሾች ሲከቡት ጀርባውን ለቍጥቋጦ ሰጥቶ በቀንዱ ይዋጋል። አዳኙም የአውሬው ዓይን በውሾቹ ላይ ሳለ ቀርቦ፣ ዋባዮ በሚባለው የተክል መርዝ የተቀባ ፍላጻ ይሰዳል። ሶማሌዎች ገራኑግ የሚሏት ባለ ረጅም አንገት ግን በኋላ እግሮቿ ቆማ ቅጠል የምትቀነጥስ፣ ያለ ውሃ ብዙ ጊዜ የምትኖር ስለ ሆነች እርሷን በኩሬ ዳር መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። እንሹ ደግሞ ከጥንዷ ጋር ከአንድ ሥፍራ ስለማትርቅና በለመደችው መንገድ ስለምትመላለስ ለወጥመድ የተመቸች ናት። ጅግራን የሚሻም ሰው፣ ሲመሽ በመንጋ ዛፍ ላይ እንደሚሰፍር፣ ማለዳ ወደ ውሃ እንደሚወርድ ማወቅ አለበት።

እንዲህ ያለው አደን ልክ ነበረው። ቀስተኛ ካልቀረበ አይገድልምና። ጠመንጃ መጥቶ ርቀቱን ባጠፋ ጊዜ ግን ልኩም አብሮ ጠፋ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው መኮንን ስዌይን በሐውድ ሜዳዎች በመቶ የሚቈጠር የቆርኬ መንጋ አይቶ ነበር። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቆርኬ ከዚያ ሜዳ ፈጽሞ ጠፍቷል። ከደስታ በሽታና ከጥይት የተረፈው ጥቂቱ ሩቅ አገር፣ በተለይም በሰንቀሌና በማዜ ተጠልሎ ይገኛል።

አሁን ተራው የአቦሸማኔ ነው። እናቲቱ ግልገሎቿን ደብቃ ለአደን ስትወጣ፣ ጠባይዋን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይወስዳቸዋል። በሶማሌላንድ በኩል ባሕር ተሻግረው ለባለጸጎች መጫወቻ ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹም በመንገድ ይሞታሉ። አገራችን እንዲህ ያለውን ንግድ ለመከላከል በ1981 ዓ.ም. ወደ ዓለም አቀፉ ስምምነት ገብታለች። ሕግ ግን በራሱ እግር አይሄድም፤ ዱካ የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው፤ ጠባቂ ሲቀጠር አውሬ የሚያውቁት ሰዎች ይቅደሙ። አዳኝን ጠባቂ ማድረግ ጅብን በሥጋ ላይ መሾም ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዱካ የማይለይ ጠባቂ ግልገሎቹ ከተወሰዱ በኋላ ደርሶ መዝገብ ከመጻፍ በቀር ምን ይረባል? ደግሞም ጋቦዬዎች በሥራቸው ሲናቁ ኖረዋል። የናቅነውን ዕውቀት በደመወዝና በማዕርግ ማክበር ለእነርሱም ለአውሬውም ፍትሕ ነው። ፍየሉ የተበላችበት አርብቶ አደርም ብሶቱን የሚሰማው ሹም ያግኝ፤ በቂም ተነሣስቶ ግልገል የሚሸጥ አለና።

እንግዲህ ወደ ጅጅጋና ወደ ቶጎ ውጫሌ የምትመደቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዲፕሎማችሁን ይዛችሁ ስትደርሱ አስቀድማችሁ ከሽማግሌው አዳኝ አጠገብ ተቀመጡና ጠይቁ። ቆርኬው ሲጠፋ የጠየቀ ሹም አልነበረም፤ ለአቦሸማኔው ግን ጊዜው ገና አላለፈም።