«ፕሮሰስ አለህ»

ባለፈው ዓመት ቡራዩ ባለው ቤቴ የበኩር ልጄን ዳርኩ። ከድንኳኑ ጥግ አንድ የሥጋ ዘመዴ ክንዴን ይዞ፣ «ምነው ትንሽ ብትታገሥ? ፕሮሰስ አላት እኮ!» አለኝ። በሠርግ ቀን ክርክር አያምርምና ዝም አልኩት። መልሱን እነሆ ዛሬ እጽፍለታለሁ።

ታላቅ እህቴ አሜሪካ ትኖራለች። ዜግነት እንዳገኘች፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በወንድምነቴ አመለከተችልኝ፤ ባለቤቴና ልጆቼም በእኔ ሥር ተቆጠሩ። የአምናዋ ሙሽራ ያን ጊዜ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የአሜሪካ ሕግ ለዜጎች ወንድሞችና እህቶች በዓመት የሚመድበው ቪዛ 65,000 ገደማ ነው፤ ይህም ለመላው ዓለም፣ ያውም ሚስትና ልጆች እየተቆጠሩበት። ስለዚህ ወረፋው ከ15 ዓመት በላይ ሆነ። ልጅ ደግሞ ከወላጁ ጋር የሚሄደው ሳያገባና 21 ዓመት ሳይሞላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሕግ ማመልከቻው ሲመረመር የቆየበትን ጊዜ ከዕድሜው ይቀንስለታል፤ በወረፋ ያለፈውን ግን አይቀንስም። እንግዲህ ልጄ ከፋይሉ የወጣችው በጋብቻዋ አይደለም፤ ቀድማ በዕድሜዋ ወጥታለች። ዘመዴ ግን ሕጉን ሳይጠይቅ ሠርጉን ወቀሰ።

ጠቤ ከቃሉ ጋር ነው። «ፕሮሰስ አለው» የተባለ ሰው በሰፈራችን እንደ ተሿሚ ይከበራል፤ ሆኖም ምንም ነገር አይጀምርም። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ብትዞሩ፣ ግቢው በብሎኬት ታጥሮ፣ የዋናው ቤት መሠረት ሣር በቅሎበት፣ ባለቤቶቹ በሰርቪስ ቤት ተጠጋግተው ሲኖሩ ታያላችሁ። የሁሉም ምክንያት ይህ ነው አልልም፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋም የራሱ ድርሻ አለው። የእኔ ምክንያት ግን ይኸው ነበር። «ለምን እንጨርሰዋለን? ልንሄድ አይደል?» እያልኩ ስንት ክረምት በሰርቪስ ቤት አሳለፍኩ! እኛ ስንጠብቅ ከተማይቱ እንኳ አልጠበቀችንም፤ ቡራዩ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ስትጠቃለል፣ ማመልከቻችን ገና ተራው አልደረሰም ነበር።

እህቴን አልወቅስም። ጣራዬን ያለበሰው ቆርቆሮ የእርሷ ላብ ነው። ስፖንሰር መሆንም እንደ ስሙ ቀላል አይደለም። ተራው ሲደርስ ገቢዋ ከአገሪቱ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ መድረሱን አሳይታ ለእያንዳንዳችን የዋስትና ሰነድ ትፈርማለች፤ ግዴታውም ዜጋ እስክንሆን ወይም የአሥር ዓመት ያህል ሥራ እስኪመዘገብልን ከትከሻዋ አይወርድም። ይህን የምትፈርመው በጡረታ ዕድሜዋ ይሆናል። ከዚያ በፊት ብትሞት ደግሞ ማመልከቻው እንደ ደንቡ ይሰረዛል። ይህን ሁሉ ፎርሙ በገባ ዕለት ማንም አልነገረኝም። «ጀምሬልሃለሁ» ብቻ ተባልኩ፤ እኔም በግ አረድኩ።

ባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለወንድማችሁ ፎርም ስታስገቡ የሚጠብቀውን ዓመት ጭምር ንገሩት። «ተስፋውን እንዳናጨልምበት ብለን ነው» የሚል ምላሽ ሰምቻለሁ። አሥር ዓመት ከጠበቀ በኋላ ከሚጨልምበት፣ በመጀመሪያው ቀን ይጨልምበት፤ ያን ጊዜ ሌላ መንገድ ለመፈለግ ጉልበት አለው።

አንተም ዘመዴ፣ አምና ወንድምህ ፎርም ስላስገባላችሁ የ19 ዓመት ልጅህ «ልንሄድ ነው» ብሎ ኮሌጁን ማቋረጡን ሰምቻለሁ። ወረፋው እንደ እኛ ከሄደ፣ ተራችሁ ሲደርስ እርሱ 35 ዓመት ይሞላዋል፤ ያን ጊዜም ስሙ ከአንተ ፋይል ውስጥ አይገኝም። የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሳያልፍ ወደ ትምህርቱ መልሰው።